ብርድ ያወጣው ፕሮግራም

ሁለቱም የሚኖሩት ፍራንክፈርት ነው። ጋሼ በደርግ ዘመን በነፃ የትምህርት ዕድል ቡዳፔስት ሄደው የተማሩ ናቸው፤ ከተመረቁ ወዲህ ከተማዋን ተመልሰው አላዩዋትም። ሰናይት ደግሞ ቅዳሜና እሁድን አስታክካ ከጓደኞቿ ጋር እዚያው ደርሳ መመለሷ ነው።

ጋሼ፦ እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ሰው ብርድ ሲጠናበት ወደ ስፔን ይወርዳል። እናንተ ከብርድ ተነስታችሁ ወደባሰው ብርድ! ምን ፍለጋ ነው?

ሰናይት፦ ዋጋው ነዋ ጋሼ! የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አልፎ የእኛ ገና ሳይገባ ያለችውን ሳምንት ያውቋታል አይደል? የገና ገበያው ተነቅሏል፣ ቱሪስቱ ኪሱን አራግፎ ቤቱ ገብቷል፣ ማደሪያው ሁሉ ባዶ ነው። ደግሞስ በሰመር እኛን ማን ያገናኘናል? አንዷ አገር ቤት ትሄዳለች፣ አንዱ ሠርግ አለበት፣ ሌላው ትርፍ ሰዓት ይሠራል። የሁላችንም እጅ የሚፈታው በዚያች ሳምንት ብቻ ነው።

ጋሼ፦ የለንደኗ ጓደኛሽም መጣች?

ሰናይት፦ እሷማ ቀረች። መኖሪያ ፈቃዷ የእንግሊዝ፣ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ፤ ስለዚህ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። የቪዛ ቀጠሮ ስትጠብቅ ጉዞው ደረሰ። እኛ የጀርመንና የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያለን ግን እንደ አገራችን ነው የገባነው። ሃንጋሪ ከ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት።

ጋሼ፦ ካርዱን ብቻ አሳይታችሁ?

ሰናይት፦ ካርዱንም ፓስፖርቱንም መያዝ ግድ ነው። አንዱ ጓደኛችን ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ትቶ ሊመጣ ሲል በዋዜማው ማታ በስልክ ደረስኩበት። "ካርዱ ላይ ፎቶዬ አለ አይደል?" ይለኛል!

ጋሼ፦ እሺ፣ ገባችሁ እንበል። በዚያ ወር ፀሐይ እንኳ ለራሷ የምትበቃ አይደለችም።

ሰናይት፦ እሱን ነው የምነግርዎት። ስቶክሆልም ያለው ጓደኛችን በቴሌግራም የላከልንን ዝርዝር ቢያዩት፣ ፓርላማው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ባዚሊካው፣ የዓሣ አጥማጆቹ ግንብ፣ የሰንሰለቱ ድልድይ፣ ሁሉም በአንድ ቀን! ፀሐይዋ ግን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ 10 ሰዓት ሲል ትጠልቃለች። እንቅልፍ ለጠገበ ሰው ቁርስ በልቶ ጃኬቱን እስኪቆልፍ ግማሹ ቀን ሄዷል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ፓርላማውን ከውጭ አይተን ወደ ድልድዩ ስንሄድ ከዳኑብ የሚመጣው ንፋስ ፊታችንን ሲገርፈው አንዷ ቆም አለችና "እኔ ከዚህ በኋላ ጣሪያ የሌለው ነገር አላይም" አለች።

ጋሼ፦ (እየሳቁ) ብልህ ልጅ ናት።

ሰናይት፦ ቀልድ መስሎን ነበር። በኋላ ግን የጉዞው ሕግ ሆነ። በብርድ ጊዜ ከተማ የሚታየው ከሙቅ ቤት ወደ ሙቅ ቤት እየተሻገሩ ነው ጋሼ። በሰመር ያንኑ ሐውልትና ያንኑ ድልድይ ከሺህ ቱሪስት ጋር ነው የሚያዩት። በብርዱ ግን የከተማው ሰው ራሱ ሙቀት ፍለጋ የሚገባበት ይገባሉ፤ ገበያ አዳራሹ፣ ፍል ውሃው፣ ካፌው። ሰዎቹን ያገኘናቸው እዚያ ነው።

ጋሼ፦ ይሄማ ከካፌ ካፌ መዞር ነው። ፍራንክፈርትም ካፌ አለ።

ሰናይት፦ ፍራንክፈርት ውስጥ እንደ ሴቼኒ ፍል ውሃ ያለ ያሳዩኝና እሸነፋለሁ።

ጋሼ፦ አሃ! ሴቼኒ ገባችሁ?

ሰናይት፦ ማታ ነው የገባነው። ያ ቢጫ ሕንፃ በጨለማ ሲበራ ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው። ልብስ የሚቀየርባት ክፍል ውስጥ ሁላችንም ፀጥ አልን። ምክንያቱም ከበሩ እስከ ውጭው ገንዳ ድረስ በዋና ልብስና በነጠላ ጫማ ብቻ መሄድ አለ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ነው። "አንቺ ቅደሚ፣ አንተ ቅደም" ስንባባል የሰባ ዓመት የሚሆኑ አንዲት ሴትዮ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እንደ ቤታቸው በረንዳ እየተንጎራደዱ አለፉን። አፈርንና ተከተልናቸው።

ጋሼ፦ ውሃውስ?

ሰናይት፦ 38 ዲግሪ። እስከ አንገት ጠልቀው ሲቆሙ ከታች ሰውነትዎ ይቀልጣል፣ ከላይ ጆሮዎ ይደርቃል። እንፋሎቱ ብዙ ከመሆኑ የተነሳ ሁለት ክንድ የራቀ ሰው አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አንዷ ጓደኛችን ለጉዞው ብላ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ ነበር። እንፋሎቱ ሹሩባዋ ላይ እያረፈ በረዶ ሆነና ጫፍ ጫፉ ነጭ ሆኖ ቆመ። በጣቷ ስትነካው ቀጭ ይላል! "እርጅናዬን አየሁት" እያለች ስንስቅ አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌዎች ግን ዞር ብለውም አላዩን፤ ውሃው ውስጥ ቆመው ቼዝ ይጫወታሉ።

ጋሼ፦ ቼዙ አሁንም አለ? በእኔም ጊዜ ነበር። ቡዳፔስት ውስጥ ከአስተማሪዎቼ ይልቅ ያከበርኳቸው እነዚያን ሰዎች ነው። አንዱ ጨዋታ ሳያልቅ ከውሃው አይወጡም። ለመሆኑ ያ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ነገሩሽ?

ሰናይት፦ ከመሬት ነዋ።

ጋሼ፦ ከመሬትማ ከመሬት ነው! ግን እንዲሁ የፈለቀ አይደለም፣ ተቆፍሮ ነው። ቪልሞሽ ዢግሞንዲ የሚባል የማዕድን መሐንዲስ በ1868 ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ ሲቆፍር ቆይቶ 970 ሜትር ላይ 74 ዲግሪ የሆነ ውሃ አገኘ። እስቲ አስቢው፣ በዚያ ዘመን መሣሪያ! መታጠቢያው ራሱ የተከፈተው በ1913 ነው። በኋላ ደግሞ በ1938 ከዚያም የጠለቀ ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ። ውሃው ከመሞቁ የተነሳ ካልቀዘቀዘ ሰው አይገባበትም። እዚያው ጎረቤት ወዳለው የአራዊት መጠበቂያም ይሄዳል። የዚያ ግቢ ጉማሬዎች አውሮፓ ውስጥ እንደዚያ የተዋለዱት በፍል ውሃው ነው ይላሉ። እኔ ናፍቆት ሲጠናብኝ እነሱን ለማየት እሄድ ነበር። እነሱ ሞቋቸው ተኝተው እኔ እዚያ ቆሜ ስንቀጠቀጥ "ከሁለታችን ስኮላርሺፕ ያገኘው ማነው?" እላለሁ።

ሰናይት፦ (እየሳቀች) ይሄን ለማንም ነግረው አያውቁም!

ጋሼ፦ አዲስ አበባም እኮ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ብርድ ያሠራት ከተማ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ሩዳሽ ፍል ውሃስ? እሱን አላያችሁም?

ሰናይት፦ እሱንም ገባን፣ በቅዳሜው።

ጋሼ፦ በቅዳሜው? ወንድ ከሴት?

ሰናይት፦ በሳምንቱ መጨረሻ በአንድ ላይ ነው ጋሼ።

ጋሼ፦ ወይ ጊዜ! በእኔ ዘመን ሩዳሽ ሴት አይገባበትም ነበር። ቱርኮች ቡዳን ከ1541 እስከ 1686 ሲገዙ የሠሩት ነው፤ ያ ስምንት ማዕዘን ገንዳ፣ ያ ጉልላት። ጉልላቱ ላይ ባሉት ባለቀለም ቀዳዳዎች ብርሃን ሲገባ...

ሰናይት፦ እኛ የገባነው ከመሸ ነው፣ ብርሃኑን አላየነውም።

ጋሼ፦ ይኸው! ሙቀት ብቻ ካሳደድሽ ብርሃን ያመልጥሻል። እሱን በቀን ነው መግባት። ቀኑ አጭር ነው እያልሽ አጭሩን ቀን ምን ላይ አዋላችሁት?

ሰናይት፦ ምግብ ላይ። ይሄ ሌላ ጣጣ ነው። ጾም ነበር እኮ! ከመካከላችን ሁለቱ የገና ጾምን አጥብቀው ይጾማሉ፤ አንደኛዋማ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ሃንጋሪዎች ደግሞ ባቄላ ሾርባ ውስጥ እንኳ አሳማ የሚጨምሩ ሰዎች ናቸው።

ጋሼ፦ ባዶ ሆዷን ፍል ውሃ አላገባችኋትም?

ሰናይት፦ ለዚያ ብለን አይደል ማታ ያደረግነው! የእነሱን ሆድ የፈታው ገበያ አዳራሹ ነው። ያ በ1897 የተከፈተው፣ ባለቀለም ሸክላ ጣሪያ ያለው። ምድር ቤቱ ሲወርዱ በየመደዳው ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ ጎመን፣ ዱባ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ሻጮቹ ከማሰሮው ውስጥ እያወጡ ያስቀምሳሉ። ውጭ ደግሞ በከሰል የተጠበሰ ቼስትነት የሚባል ፍሬ አለ፤ በወረቀት ጥቅልል ይሰጥዎታል፣ ኪስ ውስጥ ከተው እጅዎን ያሞቁበታል፣ ከዚያ ይበሉታል። ፍስኩ ቡድን ላንጎሽ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ላይኛው ፎቅ በእርጎና በአይብ ሲያወርድ የጾሙ ቡድን ታች ቅምሻው ላይ ነበር። ማንም ማንንም አልጠበቀም። ያ ነው ያዳነን።

ጋሼ፦ በርበሬውንስ አየሽ? በክር የተሰካውን?

ሰናይት፦ አየሁ፣ ገዛሁም። እናቴ ቀምሳ "ይሄ ቀለም ነው እንጂ በርበሬ አይደለም" አለች።

ጋሼ፦ ሳትጠይቂ ገዝተሽ ነዋ! "ኤደሽ" የሚለው ጣፋጩ ነው፤ "ቺፖሽ" የሚለውን ነበር መግዛት። እኛ ተማሪዎች ከአገር ቤት የመጣው በርበሬ ሲያልቅብን በዚያ ነበር ወጥ የምንሠራው። ጣፋጩን የወሰድን ቀን ወጡ ደም መስሎ ይቀላል፣ ምላስ ላይ ግን ምንም የለም። ደግሞም ሴንት-ጆርጂ የሚባለው ሳይንቲስታቸው ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከዚያ ከምትንቂው ፓፕሪካ ነው፣ ሴጌድ ከተማ ውስጥ። በ1937 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

ሰናይት፦ እናቴን እንዲህ ብዬ ላሳምናት? ይልቅ ይሄን ይንገሩኝ፤ እርስዎ የነገሩኝን መንገድ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። "ኖቬምበር 7 አደባባይ ወርደሽ" አላሉኝም?

ጋሼ፦ አዎ፣ በቢጫዋ ባቡር።

ሰናይት፦ ቢጫዋ ባቡርማ አለች። እንዴት ያለች ናት! ደረጃው ሃያ እርምጃ እንኳ የማይሞላ፣ ጣቢያው በነጭ ሸክላ የተለበጠ፣ ፉርጎዋ መጫወቻ የምትመስል። ስቶክሆልም ያለው ጓደኛችን ጭንቅላቱ ሊነካ ትንሽ ቀረው። አደባባዩ ግን የለም።

ጋሼ፦ በ1896 ነው እኮ የተሠራች! በአህጉሩ በኤሌክትሪክ የሄደች የመጀመሪያዋ የምድር ውስጥ ባቡር ናት። አደባባዩ ኦክቶጎን ተብሎ ይሆናላ። ከላይ ያለው ጎዳና የሕዝብ ሪፐብሊክ ጎዳና ነበር።

ሰናይት፦ አንድራሺ ነው የሚባለው።

ጋሼ፦ አዎ፣ ጥንትም አንድራሺ ነበር። ሞስኮ አደባባይስ? እዚያ ያለው የመሬት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ማለቂያ አልነበረውም።

ሰናይት፦ እሱም ሴል ካልማን ሆኗል። ደረጃው ግን አለ፣ አሁንም አያልቅም።

ጋሼ፦ እንግዲህ እኛም መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ፣ አብዮት አደባባይን መልሰን መስቀል አደባባይ ብለን የለ? የሚያስቀኝ ሌላ ነው። ሻሙኤል ቴሌኪ የሚባል የሃንጋሪ ካውንት በ1888 በእኛ ደቡብ በኩል ሲዞር ቱርካናን በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ፣ ጨው ባሕርን ደግሞ በሚስቲቱ ስም እስቴፋኒ ብሎ ሰይሞ ሄደ። የእኛን ሐይቅ ባልና ሚስት አደረገው! ለመሆኑ ሐውልቶቹ የት ገቡ? ሌኒኑ፣ ማርክሱ?

ሰናይት፦ ከከተማ ወጣ ብሎ ሜሜንቶ ፓርክ የሚባል ሜዳ ላይ ሰብስበዋቸዋል። በ1993 ነው የተከፈተው። እኛ አልሄድንም።

ጋሼ፦ ለምን?

ሰናይት፦ ጣሪያ የለውማ!

ጋሼ፦ (በምሬት) እሱን አይቶ አለመምጣት! አዲስ አበባ የነበረው ሌኒን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወርድ እኔ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። እነሱ ግን ሰብስበው አስቀመጡት። የስታሊንስ ቦቲ? በ1956 ሕዝቡ ሐውልቱን ሲገነድሰው ቦቲው ብቻ ነው መቆሚያው ላይ የቀረ። የእሱም ቅጂ እዚያ መኖር አለበት።

ሰናይት፦ ስለ ጫማ ካነሱ አንድ ልንገርዎት። ዳኑብ ዳር፣ ከፓርላማው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከብረት የተሠሩ ጫማዎች ተደርድረዋል። 60 ጥንድ።

ጋሼ፦ እሱን ሰምቼዋለሁ። በ2005 ነው የተሠራው፤ በእኔ ጊዜ አልነበረም። እኔ በየቀኑ በዚያ ዳር አልፍ ነበር፤ ቦታው ላይ ምን እንደተደረገ የነገረኝ ሰው የለም።

ሰናይት፦ በ1944 እና በ45 ብርድ ነው። ኒላሽ የሚባሉት የሃንጋሪ ፋሺስቶች አይሁዶቹን ወንዙ ዳር አቁመው ጫማ ያስወልቋቸዋል፣ ከዚያ ተኩሰው ወደ ውሃው። ጫማ በጦርነቱ ዘመን ይሸጣላ! እኛ ስንደርስ በረዶ ጥሎ ስለነበር ጫማዎቹ ውስጥ በረዶ ሞልቷል። የሴት ተረከዝ ያለው አለ፣ የሠራተኛ ቦቲ አለ፣ የሕፃን አለ። የሕፃኑ ውስጥ አንድ ሰው ከረሜላ አስቀምጧል።

ጋሼ፦ ...

ሰናይት፦ እና እዚያ ተጣላን። አንዱ ጓደኛችን "ተሰብሰቡ፣ አንድ ፎቶ" አለ፤ ክፋት የለውም፣ ልማዱ ነው፣ በየደረስንበት ያነሳን እሱ ነው። ሌላዋ "እዚህ ጋ ጥርስ አሳይቼ አልቆምም" አለች። እሱ ደግሞ "ፎቶ ካላነሳን ማን ያውቀዋል? ለልጆች የምናሳየው እኮ ነው" አለ። ብርዱ ላይ ቆመን ተከራከርን። በመጨረሻ ሰው የሌለበት ፎቶ አነሳና ዝም አለ። ማታ ራት ላይ ግን እንደገና ተነሳ።

ጋሼ፦ አንቺስ ከማን ወገን ነሽ?

ሰናይት፦ እኔ ከሷ። ግን እሱንም መናቅ አልቻልኩም። ታሪኩን በሙሉ አንብቦ የመጣው እሱ ብቻ ነበር፤ እኛ እኮ የቆምንበትን ያወቅነው ከእሱ አፍ ነው።

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሙቅ ቤት ሕግሽን የማልቀበለው። ያን ቦታ በሰመር፣ በቁምጣ፣ አይስክሬም ይዞ የሚያየው ሰው ምን ያያል? ባዶ እግር በዚያ ድንጋይ ላይ መቆም ምን እንደሆነ የሚገባው ጣቱ የደነዘዘ ሰው ነው። ነገሩ የሆነው በብርድ ነው፤ መታየት ያለበትም በብርድ ነው።

ሰናይት፦ እሺ፣ እዚያ ላይ አሸነፉኝ። ግን ልብ ይበሉ፣ እሱን ያየነው ሌላ ሌላውን ስለተውን ነው። አሥር ቦታ ብንሮጥ ኖሮ አምስት ደቂቃ ቆመን እናልፈው ነበር።

ጋሼ፦ ይሁንልሽ። ለመሆኑ ከተጣላችሁ በኋላ እንዴት አብራችሁ ዋላችሁ?

ሰናይት፦ አብረን አልዋልንማ። ቀድመን ተነጋግረናል፤ ቀን ቀን ሁሉም በየፊናው፣ ማታ ራት ላይ ግን ማንም አይቀርም። ሁለቱ ከ1870 ጀምሮ ያለውን የበረዶ መንሸራተቻ ሄዱ፣ አንዷ ሙዚየም ገባች፣ እኔ 2 ቁጥር ትራም ላይ ተቀምጬ የዳኑብን ዳር ዳር ከጫፍ ጫፍ ተመላለስኩ። ጀልባ ከመከራየት እሱ ይሻላል፤ ሞቃት ነው፣ ዋጋውም የተራ ትኬት ነው። ትኬቱን ግን ተሳፍረው በማሽኑ ማስመታት ነው፤ ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው። ቡድን ሆኖ የሄደ ሰው የሚጣላው በሐሳብ አይደለም ጋሼ፣ በመጠባበቅ ነው። "ጨርሰሃል? ሽንት ቤት ማን ገባ? ጓንቴ የት ሄደ?" በብርድ ቆሞ ሰው መጠበቅ ፍቅር ይፈትናል።

ጋሼ፦ ገንዘቡንስ? በእኛ ጊዜ "እኔ ልክፈል፣ ሙት አትከፍልም" ሲባባሉ የጃኬት እጅጌ ይቀደድ ነበር።

ሰናይት፦ አሁንም ይቀደዳል! ለዚያ ነው እንደ እቁብ ዳኛ ሾመን መዋጮ የያዝነው። ሁሉም እኩል አዋጣ፣ አንዷ ያዘች፣ ከዚያ የወጣ ትራም፣ ራት፣ መግቢያ። መጠጥ የፈለገ ከኪሱ። ያኔ አንድ ዩሮ ወደ 400 ፎሪንት ገደማ ስለነበር ሒሳቡ ሲመጣ ዜሮው ያስደነግጥ ነበር፣ 40,000 ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ከማሽን ገንዘብ ሲያወጡ ደግሞ "በዩሮ ልቁጠርልህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ እምቢ ማለት ነው፤ ምንዛሪው የሚያተርፈው ለማሽኑ ነው።

ጋሼ፦ ፍርስራሽ ቤት ውስጥ የሚጠጣበት አለ የተባለውስ?

ሰናይት፦ የአይሁዶቹ ሰፈር ውስጥ። የተተወ ግቢ ነው፤ የተሰበረ ወንበር፣ መታጠቢያ ገንዳ ሶፋ ሆኖ። ለወጣት ደስ ይላል። እርስዎ ግን አንድ ደቂቃ አይቆዩበትም።

ጋሼ፦ እኔ እኮ እዚያ ሰፈር ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ለፍርስራሹ ማንም አይከፍልም ነበር።

ሰናይት፦ እንግዲያው ይምጡና ያሳዩና! በሚቀጥለውም ዓመት በዚያው ሳምንት ነው።

ጋሼ፦ ሦስት ነገር ካሟላሽልኝ። ሩዳሽ በቀን፣ ከነብርሃኑ። ሜሜንቶ ፓርክ ጣሪያ ባይኖረውም። ሦስተኛው፣ ያን ፎቶ አንሺ ልጅ ከእኔ ጋር መድቢልኝ።

ሰናይት፦ መዋጮውስ?

ጋሼ፦ እኔማ አላዋጣም፤ እኔ እጋብዛለሁ።

ሰናይት፦ ይኸው! ገና ሳንነሳ ተጣላን።